የዝናቡ መንገድ በወይዘሮ ገነቴ ደጅ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። የከተማ ፕላን ተማሪ ነኝ፤ ገና ሁለተኛ ዓመት። መምህራችን «በአንድ ቦታ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ተራ ሰው ምረጡና ታሪኩን ጻፉ» ብለው ሲያዙን፣ ጓደኞቼ በዚያው ሳምንት ጽፈው ጨረሱ። እኔ ግን ወረቀት ዘርግቼ እቀመጥና አጥፌው እነሣለሁ። ሰው ስላጣሁ አልነበረም፤ ሆሳዕና ውስጥ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ገነቴ ከመጀመሪያውም በሐሳቤ ነበሩ። የፈራሁት ሌላ ነው። ስለ አፈርና ስለ ውሃ፣ ስለ ተዳፋትና ስለ ዛፍ ያነበብኳቸው መጻሕፍት በከባድ ቃላት የተሞሉ ስለሆኑ፣ የእርሳቸውን ኑሮ በእነዚያ ቃላት ሥር እቀብረዋለሁ ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም ፈቃድ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ መልስ አሰረኝ። «ሠርቼ ያፈረስኩትን ነው የምትጽፈው? እሺ ጻፍ፤ ግን ጎበዝ አታስመስለኝ» አሉኝ። የሚያከብሩትን ሰው ጎበዝ ሳያስመስሉ መጻፍ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። አሁንም ማወቄን እጠራጠራለሁ።

ወይዘሮ ገነቴ የተወለዱት ከጊምቢቹ ወጣ ብላ በምትገኝ የገበሬ መንደር ነው። ወደ ሆሳዕና ያመጣቸው የመምህርነት ሥራ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «አካባቢ ሳይንስ» የሚባለውን ትምህርት ያስተምራሉ። በዚህም ምክንያት ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» እያለ ይጠራቸዋል። ከባለቤታቸው ከአቶ ሎምቤቦ ጋር የሠሩት ቤት የሚገኘው ከተማዋ ወደ ሸለቆው ማዘቅዘቅ በምትጀምርበት ዳርቻ ላይ ነው። ቤቱ ከላይ በኩል፣ ደጁ ከፊቱ፣ ከደጁ በታች አጥር፣ ከአጥሩ በታች ደግሞ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ረሂማ ጓሮ አለ። ወይዘሮ ረሂማ ባለቤታቸው አቶ ኑሪ የሾኔ መስመር ሚኒባስ የሚነዱ፣ እርሳቸው ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአጥሩ ቀዳዳ እያቀባበሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሐዲያም ሆነ በከምባታ ገጠር ቤት ሲሠራ ከፊቱ ሰፊ የሣር ደጅ ይተውለታል። ደጁ አይታረስም፤ ቤትም አይሠራበትም። ለቅሶም ሰርግም፣ የተጣላ ማስታረቅም እዚያው ላይ ነው። እንሰቱ ከጓሮና ከጎን ሆኖ ቤቱን ያቅፈዋል፤ የከብቱ ፍግና የምድጃው አመድ ለእርሱ ይሰጣል። አቶ ሎምቤቦም ከተማ ገብተው ይህንኑ ልማድ አልተዉም። ቦታቸው ትንሽ ብትሆንም ከፊት ሣር፣ ከአጥሩ ጥግ ጥቂት እንሰት፣ ከመሐል አንድ የብሳና ዛፍ ነበራቸው። ኋላ ግን የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ለመሥራት አሰቡ። እኔ ዛሬ የምኖረው ከእነዚያ ክፍሎች በአንዱ ነው። አሸዋና ጠጠር የጫኑ አይሱዙዎች ደጁ ላይ እየዞሩ አራገፉ፤ ሣሩ ሞተ፣ አፈሩ ተረግጦ እንደ ሸክላ ደረቀ። ሣሩ ሳያገግም ክረምት ገባ። በዚያው ሐምሌ አቶ ሎምቤቦ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ዝናቡ አላቋረጠም ነበር ይላሉ። የዕድሩ ድንኳን ከላይ ያለውን ዝናብ ቢከለክልም ከሥር የሚመጣውን አልከለከለም። ከጊምቢቹ የመጡት ሽማግሌዎች እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥ ጭቃ ውስጥ ቆሙ። ከእነርሱ መካከል የወይዘሮ ገነቴ አጎት አቶ ሄራሞ አዳልጧቸው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በነጭ ጋቢያቸው ጭቃው ላይ ተዘረጉ። ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ገነቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሐዘናቸው ሲጠየቁ ስለ ጭቃው ነበር የሚያወሩት። «እንግዳዬን ጭቃ ውስጥ ጣልኩት» ይሉ ነበር። እኔ ራሴ ክፍሉን ልከራይ በመጣሁ ቀን ሰምቻቸዋለሁ።

ስለዚህ ልጃቸው ሊዲያ ለአንድ የዱራሜ ልጅ በታጨች ጊዜ፣ ከቀለበቱም ከቬሎውም አስቀድመው ያሰቡት ደጁን ነው። ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ፤ በእኛ አገር የበልጉ ዝናብ በግንቦትም አይታመንም። ዕቁባቸው በየካቲት ሲደርሳቸው ደጁን በሙሉ፣ ከቤቱ በረንዳ እስከ ታችኛው አጥር፣ ሲሚንቶ ሊያስለብሱት ወሰኑ። ይህን ምኞት ብዙ የከተማችን ሰው የሚጋራው ይመስለኛል። የገጠሩን ሰፊ ደጅ ከተማ ውስጥም እንፈልገዋለን፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ነውና። እንግዳውን ስናከብርም ሲሚንቶ እናነጥፍለታለን።

ሥራውን የያዘው አክሊሉ የሚባል ግንበኛ ነው። ጨዋታ የሚወድ ሰው ስለሆነ ባልዲ ሲያቀብል እንኳ አፉ አያርፍም።

«ቲቸር፣ ከዚህ በኋላ ሙሽራው በካልሲ ቢመጣ ምንም አይሆንም!»

«አንተ ብቻ እኩል አድርግልኝ» አሉት ወይዘሮ ገነቴ። «ውሃ መሐሉ ላይ እንዳይተኛ።»

«ውሃ? ውሃ እዚህ ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ አያድርም። ወደ ታች አዘንብዬዋለሁ፤ በዚያች ጥግ ሹልክ ብሎ ይወጣል።»

ወይዘሮ ረሂማ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ሥራውን ያዩ ነበር።

«የሊዲያ እናት! ስታዲየም ነው የምትሠሪው? ለእኛ መግቢያ በነፃ ነው?»

«አንቺ የክብር ቦታ ነው የምትቀመጪው።»

«እሱማ አይቀርልኝም። የክብር እንግዳ ግን ጥላ ይፈልጋል፤ ይህን ብሳና እንዳታስቆርጪው።»

አክሊሉ ዛፉ እንዲቆረጥ ጠይቆ ነበር፤ ሥሩ ሲሚንቶውን ያነሣብኛል ብሎ። ወይዘሮ ገነቴ ግን አቶ ሎምቤቦ የተከሉት ነው ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻም በግንዱ ዙሪያ ጠበብ ያለች የአፈር ክብ ተትታ ሌላው በሙሉ ተለሰነ።

ሥራው ሲያልቅ ደጁ በእርግጥ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ነገር ተለወጠ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከሲሚንቶው ላይ ተመልሳ ሳሎን ድረስ ትገባና ቤቱን ታሞቀው ጀመር። ዶሮዎቹ የሚጭሩት አጥተው የብሳናውን ሥር ብቻ ይዞሩ ነበር። ወይዘሮ ገነቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያዩት፤ በሰርጉ ቀን የማንም እግር እንደማይቆሽሽ። ማታ ማታ ራሳቸው ይጠርጉት ነበር።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በመጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ወረደ። በረንዳው ላይ ቆመን አየነው። አክሊሉ እንዳለው ውሃው መሐል ላይ አልተኛም። ከጣሪያው የወረደውም ደጁ ላይ የወደቀውም አንድ ላይ ሆኖ፣ እየፈጠነ፣ ወደዚያች ጥግ ሮጦ በአጥሩ ሥር ወጣ። «አየህ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ!» አሉኝ በደስታ። ዝናቡ ሳያባራ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

ስንደርስ የወይዘሮ ረሂማ ማድ ቤት የኋላ ግድግዳ ጭቃው ተንዶ ማገሩ ታየ። ወለሉ ላይ ውሃ ቆሟል። አቶ ኑሪ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በባልዲ ይቀዳሉ። ይበልጥ የከፋው ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የቆጮ ጉድጓድ ነበር። ቆጮ ተፍቆ በእንሰት ቅጠል ከተጠቀለለ በኋላ በጉድጓድ ተቀብሮ እስኪበስል ድረስ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት ይበላሻል። ጉድጓዱ ላይ የተጫኑት ድንጋዮች ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር።

ወይዘሮ ረሂማ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «የሊዲያ እናት፣ ለልጆቻችን የምታስተምሪው የውሃ ትምህርት ይህ ነው? ቤታችን ድረስ ላክሽልን» አሉ።

ወይዘሮ ገነቴ «ቆጮውን እከፍልሻለሁ» ማለት ጀመሩ።

አቶ ኑሪ ባልዲውን አስቀመጡ። «ምኑን ትከፍያለሽ ቲቸር? ለሊዲያ ሰርግ ብላ የቀበረችው ነው እኮ።»

«ዝም በል አንተ!» አሉ ወይዘሮ ረሂማ። ከዚያም ወደ ቤት ገቡ።

በቀጣዮቹ ቀናት በአጥሩ በኩል ድምፅ አልተሰማም። ወይዘሮ ገነቴ አክሊሉን አስጠሩት። እርሱ ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ከጥጉ ጀምሮ የሲሚንቶ ቱቦ በወይዘሮ ረሂማ አጥር ጎን ቀብሮ ውሃውን እስከ ታችኛው መንገድ መልቀቅ። ሊስማሙ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ መጽሐፍህ ይህን ነገር ምን ይለዋል?»

እኔም የቃረምኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ ስለ ገጽታ ፍሳሽ፣ ስለ ስርገት መጠን፣ ስለ ተፋሰስ ወሰን።

«በአማርኛ ንገረኝ» አሉኝ።

በአማርኛ ነበር የነገርኳቸው። አክሊሉ ሳቀ፤ እኔ አፈርኩ። እንደገና ሞከርኩ። «የቦታው ልክ አጥሩ ላይ አያልቅም ነው የሚለው። ውሃው ከየት እንደመጣና የት እንደሚደርስ ሳይታይ ፕላን አይወጣም።»

«ይህን ማለት ምን ቸገረህ?» አሉኝና ነጠላቸውን አነሡ። «በል ና፤ የት እንደሚደርስ እንየው።»

ሦስታችን ቁልቁል ወረድን። ቱቦው የሚያበቃበት መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ የመንገዱ ቦይ በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቷል። ከመንገዱ በታች አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ የአፈር ከረጢቶች ደርድራ አየናት። ያለፈው ዝናብ አስገድዷት ነበር። ከእርሷም በታች እንደዚያው ሌላ ቤት አለ። ወይዘሮ ገነቴ ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ከረሂማ በታችም ሌላ ረሂማ አለች» አሉ። ወደ አክሊሉ ዞረው፣ «ቱቦው ይቅር» ብለው ሽቅብ መንገዱን ያዙ።

ቱቦው እንዲቀር መወሰን ግን ደጁን ማፍረስ ማለት አልነበረም። ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኋላ የሰማ ሰው ሁሉ ነገሩ ቀላል የነበረ ያህል ያወራዋል። ሰርጉ እየቀረበ ነበር። ሲሚንቶው ከተነሣ ሥሩ ያለው ያው የተረገጠ አፈር ነው፤ ዝናብ ከጣለበት ያው ጭቃ ይሆናል። ወይዘሮ ገነቴ ከሁለት አንዱን ሊመርጡ ነው፤ ወይ የእንግዳቸውን እግር ከጭቃ ማዳን፣ ወይ የጎረቤታቸውን ቤት ከውሃ። በእነዚያ ቀናት ደጁን መጥረግ ትተው ነበር። ዝናብ ባካፋ ቁጥር በረንዳው ላይ ቆመው ብሳናው ሥር ያለችውን የአፈር ክብ ይመለከታሉ። ከዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ውሃው ዝም ብሎ የሚገባባት እርሷ ብቻ ነበረች።

በዚህ መካከል የሰርግ ጥሪ ለማድረስ ወደ ጊምቢቹ፣ ወደ አጎታቸው ወደ አቶ ሄራሞ ዘንድ ሄዱ። የሆነውን እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ። በመንደሩ ለቅሶ ነበርና አጎታቸውን ያገኟቸው ከለቀስተኛው መካከል፣ ሰፊው የሣር ደጅ ላይ ነው። ጠዋት ዘንቧል። ሰዉ በቡድን በቡድን ተቀምጧል፤ ሌላው ቆሟል፤ ፈረስ ይዞ የመጣም አለ። ወይዘሮ ገነቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ደጅ በዚያ ቀን ገና እንዳዩት ሁሉ የሰዉን እግር እግሩን ያዩ ጀመር። ሰዉ ሲነሣ ሣሩ ይተኛል እንጂ አይነቀልም። የራሳቸውን ጫማ ገልብጠው አዩት፤ እርጥብ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው።

«አጎቴ፣ ይህ ደጅ ለምን ጭቃ አይሆንም?»

«ምን አውቅልሻለሁ? ማን መኪና አዞረበት?» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞ አንቺ ለቅሶ መጥተሽ ጫማ የምትገለብጪው ምን ሆነሽ ነው? ሰው ያይሻል።»

ያን ጊዜ የሆዳቸውን ሁሉ አወጡላቸው፤ ሲሚንቶውን፣ የወይዘሮ ረሂማን ቆጮ፣ በሐምሌው ለቅሶ ጭቃ ላይ የወደቀውን ነጭ ጋቢ። አቶ ሄራሞ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«የወደቅሁት እኔ፣ የተቀየምሽው አንቺ?» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን የወደቅሁት እኮ ስላረጀሁ ነው። ደረቅ መሬት ላይም እወድቃለሁ፤ ሚስቴን ጠይቂያት። ጋቢው ታጠበ። ጎረቤትሽ ውሃ ገብቶባት አንቺ ሲሚንቶ ላይ ድግስ ብትደግሺ ግን እኔ አልመጣም።»

ወይዘሮ ገነቴ ከጊምቢቹ ሲመለሱ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሊዲያን ጠርተው ደጁ ሊፈርስ መሆኑን ነገሯት። ሊዲያ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ነገር ሳታመዛዝን የምትናገር አይደለችም። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ክፍሌ ድረስ ተሰማ።

«እማዬ፣ ሰርጌ እኮ ነው! ከዱራሜ የሚመጡት ሰዎች ምን ይላሉ?»

«ይዝነብ አይዝነብ ማን ያውቃል።»

«ቢዘንብስ? አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ስንት ዓመት ስለ ጭቃ ስታለቅሺ የኖርሽው? ሠርታ አፈረሰች ይሉሻል!»

«ይበሉኝ።»

«ረሂማን እኔም እወዳታለሁ። ከሰርጉ በኋላ ማፍረስ አይቻልም?»

ወይዘሮ ገነቴ «ከሰርጉ በፊት ስንት ዝናብ ይዘንባል?» ብለው ጠየቋት። «ያ ሁሉ የት ይሂድ? አንቺን በምድርበት ቀን ቤቷ እየፈረሰ አጠገቤ ቁጭ ብላ እልል በይልኝ ልበላት?»

ሊዲያ በሩን ዘግታ ገባች። ማግስቱን ግን ከሥራ ስትመለስ ስኒከር ጫማ አድርጋ ወጥታ፣ አክሊሉ የሰባበረውን ሲሚንቶ በገዛ እጇ ታነሣ ጀመር። «አልተስማማሁም፤ ቶሎ እንዲያልቅ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

አክሊሉም ኩራቱ ተነክቶ ነበር። «ሠርቼ የፈረሰብኝ ብዙ ነው፤ በገዛ እጄ ሳፈርስ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለማንም እንዳይነግሩ ቲቸር፤ ሥራ አላገኝም።» ከበሩ እስከ በረንዳው የሚያደርስ ጠበብ ያለ መንገድና ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ትንሽ ቦታ ሲቀር ሌላው ተነሣ። የተረገጠው አፈር በዶማ ተገልብጦ ፍግ ገባበት። የተሰበረው ሲሚንቶ አልተጣለም፤ ከታችኛው አጥር በላይ ተዳፋቱን አቋርጦ ዝቅ ያለ እርከን ሆኖ ተደረደረ። ከእርከኑ በላይ ጠጠር የሞላበት ቦይ ተቆፈረ፤ የጣሪያው ውሃም ወደዚያው እንዲወርድ ተደረገ። ደጁ ላይ ሰርዶ ተተከለ፤ ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር የሚሰድድ ሣር ነውና ፈጥኖ ይይዛል ተብሎ ታሰበ።

በእርከኑ ሥር ለሚተከለው እንሰት ችግኝ ከየት እንደሚመጣ ስንነጋገር፣ ከአጥሩ ማዶ ለብዙ ቀን ያልሰማነው ድምፅ መጣ።

«ተማሪው! በሩን ክፈትልኝ፤ እጄ ሙሉ ነው።»

ወይዘሮ ረሂማ ናቸው። የእንሰት ችግኝ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡ። ወይዘሮ ገነቴ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«የስታዲየሙ ሥራ ቆመ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ረሂማ።

«ተሰረዘ።»

«ጥሩ። ፀሐዩ ይመታን ነበር።» ችግኙን አስቀመጡና ከጎናቸው አጎነበሱ። «እንደዚህ አይተከልም፣ አራርቂው። ካደገ በኋላ ይተፋፈግብሻል።» ስለ ቆጮው ማናቸውም ምንም አላሉም። ያን ቀን እስኪመሽ አብረው ተከሉ።

የሰርጉ ቀን ጠዋቱ ብራ ነበር። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መዘምራኑ እየዘመሩ አስገቧቸው፤ የዱራሜ ሰዎችም የአቶ ሄራሞ ቤተሰብም በድንኳኑ ሥር ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሰርዶው ገና አልሸፈነም ነበር። እዚህም እዚያም አረንጓዴ ይታያል እንጂ በመካከሉ ባዶ አፈር አለ። ምሳ ቀርቦ ገና ሳይነሣ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ።

ወይዘሮ ገነቴ የሙሽራዋን ቬሎ ያነሣሉ፣ ሽማግሌዎቹን ወደ በረንዳው ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እርሳቸው ከድንኳኑ ወጥተው በዝናቡ ውስጥ ወደ ታችኛው አጥር ሄዱ። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳቸው። ወይዘሮ ረሂማ ቀድመዋቸው እዚያ ቆመዋል፤ ለሰርጉ የለበሱት አዲስ ልብስ ጫፉ ተነክሯል።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሙሽራዋ ትፈልግሻለች» አሉ ወይዘሮ ረሂማ።

«ደረሰብሽ?»

«ገና። እያየሁት ነው።»

ሦስታችን ቆመን አየን። ውሃው ከደጁ ላይ በብዙ ቀጫጭን መንገድ ወረደ፤ ግማሹ እርከኑ ጋ ሳይደርስ አፈር ውስጥ ቀረ። የደረሰው በጠጠሩ ቦይ ውስጥ ተጠራቅሞ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ እስከ እርከኑ ጫፍ ደረሰ። አንድ ቀጭን ጅረት በሲሚንቶው ስብርባሪ መካከል አልፎ ወደ እንሰቶቹ ሥር ወረደ። ወይዘሮ ገነቴ የጎረቤታቸውን እጅ ይዘው ነበር፤ ማናቸው ቀድመው እንደያዙ አላየሁም። ጅረቱ እንሰቶቹ ጋ ሲደርስ ሰፍቶ፣ ተንቀርፍፎ፣ ጠፋ። ከአጥሩ ማዶ ያለው መሬት ከሰማይ በወረደበት ብቻ ነበር የረጠበው።

«ቆመ» አሉ ወይዘሮ ረሂማ። «በይ ሂጂ አሁን፤ ሰው ድግስሽን ጥለሽ ኮበለልሽ ይልሻል።»

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ ጭቃ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። እንደ ለቅሶው ቀን እግር የሚውጥ አይደለም፤ ነገር ግን የእንግዶቹ ጫማ ቆሽሿል፣ የሊዲያ ቬሎ ጫፍም ቡናማ ሆኗል። ከሙሽራው አጎቶች አንዱ ጫማቸውን አንሥተው ለሁሉም እያሳዩ፣ «እናንተ የሆሳዕና ሰዎች፣ ልጅቷን ስንወስድ መሬቱንም ጨምራችሁ ሰጣችሁን!» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኔ የወይዘሮ ገነቴን ፊት ለማየት ፈራሁ።

እርሳቸው ግን በዝናብ የራሰ ፀጉራቸውን በነጠላ እየጠረጉ፣ «ውሰዱት» አሉ። «ፍግ አለበት፤ ዱራሜ ስትደርሱ እንሰት ትከሉበት።»

አቶ ሄራሞ ከሁሉም በላይ ጮኸው ሳቁ። ሊዲያም ሳቀች፤ እናቷን አቅፋ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅሁም። ወይዘሮ ገነቴ ከዚያ በኋላ ሳህን ይዘው በእንግዳው መካከል ሲዞሩ፣ የማንንም እግር ሲመለከቱ አላየኋቸውም።

ይህ ሁሉ ትንሽ ታሪክ ነው። አንድ ደጅ ተለሰነ፣ ፈረሰ፣ ሣር ተተከለበት። ከሰፈራችን ውጪ ማንም ስለ እርሱ አያወራም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያርሙት መምህሬም ትንሽ ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የተማርኩትን ያህል አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው። ወይዘሮ ገነቴ ለብዙ ዓመት የተመኙትን ነገር እጃቸው ከገባ በኋላ ከአጥራቸው በታች ስለሚኖር ሰው ብለው ተዉት። ስለዚህ ሆሳዕናን ካቀኑ ሰዎች መካከል ሊቆጠሩ ይገባቸዋል።